በቤትህ ስላለችው ቤተ ክርስቲያን፤ ሐተታና ተግሣጽ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቅዱስ ጳውሎስ በእስራት ሳለ ለፊልሞና የጻፈው መልእክት ከመልእክታቱ ኹሉ አጭር ነው። ነገር ግን በመግቢያው ላይ ትልቅ ነገር አስቀምጦ አልፏል፤ ይኸውም ለፊልሞና፣ ለአፍብያና ለአርክጳ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ በፊልሞና ቤት ላለችው ቤተ ክርስቲያን ለብቻዋ ሰላምታ መስጠቱ ነው። ይህንኑ አነጋገር በሌላ ስፍራ ሦስት ጊዜ ተናግሮታል፤ ስለ ጵርስቅላና ስለ አቂላ ቤት በሮሜ 16፥5 እና በ1ኛ ቆሮንቶስ 16፥19፣ ስለ ንምፋ ቤት በቆላስይስ 4፥15።

ዛሬ በገጠሩ አገራችን፣ ይልቁንም በደቡብና በምዕራብ፣ ይህች አጭር ንባብ የክርክር ምክንያት ኾናለች። ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ ከሚያስተምሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ንባቡን ይዘው፣ ሐዋርያት መቅደስ አልሠሩምና ለክርስቲያን ቤት ይበቃዋል፣ ቅዳሴም ክህነትም ትርፍ ነው ይላሉ። ከእኛም ወገን ለዚህ መልስ ለመስጠት የሚቸኩሉ መምህራን፣ ቤት የተባሉት የፊልሞና ሚስትና ልጆቹ ናቸው እንጂ በዚያ ጉባኤ አልነበረም ይላሉ። ኹለቱም ወገን ንባቡን ጎድተውታል። ከኹለቱ ግን የሚያሳዝነው የኋለኛው ነው። ስለ ምን ቢሉ፣ የፊተኞቹ ከአባቶች ትርጓሜ ርቀው ያደጉ ናቸው፤ የኋለኞቹ ግን ትርጓሜውን በጉባኤ ቤት ሲሰሙ ኖረው ለክርክር ብለው ግማሹን ሸሸጉት።

ትርጓሜ

በቤትህ ላለችው ቤተ ክርስቲያን ማለቱ፣ አንድም አምነው ለተጠመቁት ቤተ ሰዎችህ ሲል ነው። አንድም በቤትህ ለሚሰበሰቡት ምእመናን ሲል ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የሮሜን መልእክት ሲተረጕም ኹለቱን አንድ አድርጎ አስተምሯል፤ የጵርስቅላና የአቂላ ቤት ቤተ ክርስቲያን የተባለው በቤቱ ያሉትን ኹሉ አማንያን ስላደረጉ፣ ደግሞም ደጃቸውን ለእንግዳ ኹሉ ስለ ከፈቱ ነው ይላል። እንግዲህ አንዱን «አንድም» ይዞ ሌላውን መጣል ትርጓሜ አይባልም።

ንባቡም ራሱ ይመሰክራል። አፍብያ የፊልሞና ሚስት እንደ ኾነች አባቶች ይናገራሉ። ባልና ሚስቱን በስማቸው ጠርቶ ከጨረሰ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ሌላ መጥራቱ ስለ ምን ነው? ከባልና ከሚስት፣ ከልጅና ከሎሌ የሚሰፋ ጉባኤ በዚያ ቤት ስለ ነበረ ነው። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 12 ቅዱስ ጴጥሮስ ከወኅኒ ወጥቶ የሄደው ብዙዎች ተሰብስበው ወደሚጸልዩበት ወደ ማርቆስ እናት ወደ ማርያም ቤት ነው። ይህን ኹሉ ቤተ ሰብ ነው ብሎ መሸፈን አይቻልም።

ቤት ይበቃል ለሚሉትም መልሱ ከዚያው ከመጽሐፉ ይወጣል። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ዕለት ዕለት በመቅደስ እየተጉ በቤትም እንጀራ ይቈርሱ እንደ ነበር ተነግሯል፤ ኹለቱ በአንድ ቍጥር ተጽፈዋልና አንዱ ሌላውን አያስወጣውም። ደግሞ በፊልሞና ቤት ሰላምታ የተሰጠው አርክጳ፣ በቆላስይስ 4፥17 ከጌታ የተቀበለውን አገልግሎት እንዲፈጽም የታዘዘው እርሱ ነው። እንግዲህ በዚያ ቤት የተቀበሉት እንጂ ራስ የሾመው ያልኾነ አገልግሎት ነበረ። በጢሮአዳ ሰገነት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስተምር፣ እንጀራውንም ሲቈርስ የነበረው ሐዋርያው ራሱ ነው። ቤቱ የሰው ቤት ነው፤ ምሥጢሩ ግን የሐዋርያት ነው።

ይህን ከምድር የወጣ ምስክርም ያጸናዋል። በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር፣ ዛሬ ሶርያ በሚባለው አገር፣ ዱራ ኤውሮጶስ የምትባል የፈረሰች ከተማ አለች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ቈፋሪዎች በዚያ አንድ ተራ የመኖሪያ ቤት አገኙ፤ ከ240 ዓመተ ምሕረት ገደማ ጀምሮ ለክርስቲያኖች ጸሎት የተለወጠ ነው። አንደኛው ክፍል ለጉባኤ እንዲሰፋ ግድግዳው ፈርሷል፤ በሌላው ክፍል ደግሞ የጥምቀት ገንዳ ተሠርቶ በግድግዳው ላይ የመልካሙ እረኛ ሥዕል ተሥሏል። ከተማይቱ በ256 በጦርነት ጠፋች። ልብ አድርግ፤ በቤት መሰብሰብ ነበረ፣ ነገር ግን በዚያ ቤት ጥምቀትም ሥዕልም ነበረ። ምሥጢራትን ለመጣል ቤትን ምክንያት የሚያደርግ ሰው የዱራን ግድግዳ አላየም።

ስለ አባታችን ስለ ከሣቴ ብርሃን

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ከዱራ የሚቀርብ ምስክር አለን። ሩፊኖስ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ሲጽፍ የፍሬምናጦስን ነገር አንሥቷል። የጢሮስ ሰው ፍሬምናጦስ በልጅነቱ ተማርኮ ወደ አክሱም መጣ፤ ንጉሡ ዐርፎ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ የመንግሥቱን ሥራ ያግዝ ነበር። በዚያም ጊዜ ከሮም ነጋድያን መካከል ክርስቲያን የኾኑትን ፈልጎ አገኛቸው፤ ሥልጣንም እየሰጠ በየስፍራው ለጸሎት የሚሰበሰቡበትን ቤት እንዲያደርጉ መከራቸው። ከዚያ በኋላ ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለቅዱስ አትናቴዎስ ነገሩን አስረዳ፤ እርሱም ጳጳስ አድርጎ ሾመው።

ይህ ታሪክ በጉባኤያችን ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ሲነገር ግን ሰው የሚያስበው ሹመቱን ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉን መመልከት ይገባል። ጳጳስ ሳይመጣ በፊት የጸሎት ቤቶች ነበሩ፤ የሰበሰቧቸውም ካህናት ሳይኾኑ ነጋድያን ናቸው። ፍሬምናጦስ ግን በዚያ አላበቃም፤ ያ የተሰበሰበው ሕዝብ እረኛና ቍርባን ያስፈልገዋል ብሎ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። አትናቴዎስም በበኩሉ ያለ እኔ ፈቃድ ስለ ምን ተሰበሰባችሁ ብሎ አልገሠጸውም፤ ደስ ብሎት ሾመው እንጂ። እንግዲህ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ራስዋ በቤት ተፀንሳ በሐዋርያዊ ሹመት ተወለደች። ቤትን የሚንቅ ካህን ፅንስዋን ይንቃል፤ ሹመትን የሚንቅ ሰባኪም ልደትዋን ይክዳል።

ስለ ወላይታ ነገር

አሁን ከትርጓሜ ወደ ዘመናችን ታሪክ እንለፍ። በደቡብ ካሉት የቤት ጉባኤዎች ስመ ጥር የኾነው የወላይታው ነው። ስለ እርሱም ሬይመንድ ዴቪስ የተባለ ሚሲዮናዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 «እሳት በተራሮች ላይ» የሚል ስም ያለው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳትሟል። የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን የሚባለው ማኅበር በዶክቶር ቶማስ ላምቢ መሪነት በ1920 ዓ.ም. ወደ ወላይታ ገባ። በ1926 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች ተጠመቁ። የኢጣልያ ጦር አገሩን ሲይዝ ሚሲዮናውያኑ በ1929 ዓ.ም. እንዲወጡ ተደረገ። በዚያን ጊዜ የተጠመቁት የወላይታ ሰዎች አምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር ይባላል። ጠላት ከተባረረ በኋላ ሲመለሱ ግን ዐሥር ሺህ ያህል አማኞች በየመንደሩ ተሰብስበው አገኙ።

በዚያ ዘመን ጉባኤው የሚሰበሰበው በገበሬው ጎጆና በእንጨትና በሣር በተሠራ የጸሎት ቤት ነበር። ንባብ የሚያውቀው ጥቂቱ ያነባል፣ የቀረው በቃሉ ይይዛል፤ በሚገባውም ቋንቋ ይጸልያል። የኢጣልያ ሹማምንት መሪዎቹን አሰሩ፣ ገረፉ፤ ከእነርሱም አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ በጅራፍ ተገርፎ አልካድም ማለቱ እስከ ዛሬ ይነገራል። ወንድሞቻቸውም ለታሰሩት ስንቅ ያመላልሱ ነበር።

ይህን የማያመሰግን ክርስቲያን የለም። መጽሐፉን ግን በኹለት ነገር እንነቅፈዋለን። የመጀመሪያው፣ ከስሙ በታች የተአምር ታሪክ፣ በኢትዮጵያ ያለች ቤተ ክርስቲያን ብሎ ጽፏል። በአክሱም ከ1600 ዓመት በፊት የተተከለች ቤተ ክርስቲያን ሳለች በአንድ አውራጃ የተነሣውን ጉባኤ በኢትዮጵያ ያለች ቤተ ክርስቲያን ብሎ መሰየም ለማያውቅ አንባቢ የተሳሳተ ነገር ማስተማር ነው። ኹለተኛው፣ ተአምር ብሎ መሰየም አንባቢውን ከመጠየቅ ያሳርፈዋል። አባቶች የጌታን ተአምር እንኳ ሲተረጕሙ ስለ ምን ቢሉ እያሉ ምክንያቱን ይመረምራሉ። የእግዚአብሔር ሥራ ነው ማለት እግዚአብሔር በማንና በምን እንደ ሠራ አትጠይቅ ማለት አይደለም።

ያንን ጥያቄ ከዚያው ማኅበር የኾነ ሌላ ሰው፣ ፖል ባሊስኪ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 በታተመው ስለ ወላይታ ወንጌላውያን በሚናገረው መጽሐፉ መርምሮታል፤ ስለዚህም መጽሐፉ ከዴቪስ መጽሐፍ ይልቅ ይጠቅማል። በእርሱ ምርመራ እንደ ተገለጠው፣ ሚሲዮናውያኑ ከመምጣታቸው ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ኤሳ ላሌ የሚባል የጋሞ ሰው ተነሥቶ፣ መናፍስትን ተዉ፣ ሰማይና ምድርን ለፈጠረው ለአንዱ ጦሳ ብቻ ጸልዩ፣ አትስረቁ፣ አትግደሉ እያለ አስተምሮ ነበር፤ ብዙ ሕዝብም ስለ ተከተለው ታሰረ። እንግዲህ ዘሩ ሲወድቅ ምድሩ ታርሶ ነበር። አርሶ ያዘጋጀው ፈረንጅ አይደለም፤ ያጨደውም እርሱ አይደለም፤ በመከሩ ጊዜ በአገሩ አልነበረምና።

ከእኛ ወገን የሚሰጠውም መልስ ከዴቪስ መጽሐፍ የተሻለ አይደለም። የፈረንጅ ገንዘብ ሕዝቡን አታለለው ይባላል። በ1929 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል በወላይታ የሚያታልል የሚሲዮን ገንዘብ ወዴት ነበር? ገንዘቡ የነበረው ከገራፊው ዘንድ ነበር። አምሳ የማይሞሉት ሰዎች በብዙ ሺህ የተባዙት ረዳት በሌላቸው ጊዜ ነውና ይህ መልስ በቍጥር ብቻ ይፈርሳል።

ገባሩ ስለ ምን ወደ ቤት ሄደ?

እንግዲህ እውነተኛው ጥያቄ ይህ ነው። በወላይታ ቤተ ክርስቲያን አልነበረችምን? ነበረች። ገድለ ተክለ ሃይማኖት ጻድቁ በዳሞት ለሞተለሚ እንደ ሰበኩ ይነግራል፤ የወላይታም ሰዎች ያንን ትውፊት ከአገራቸው ጋራ ያያይዙታል። በ1887 ዓ.ም. ንጉሥ ጦና ድል ከተነሣ በኋላም በየኰረብታው ታቦት ገብቷል። ታዲያ ገበሬው በአጠገቡ ያለውን ደብር አልፎ ወደ ጐረቤቱ ጎጆ የሄደው ስለ ምን ነው?

አንደኛው ምክንያት ቋንቋ ነው። ከሠራዊቱ ጋራ የመጣው ካህን ቅዳሴውን በግእዝ፣ ትምህርቱን በአማርኛ ይሰጣል፤ ገበሬው ኹለቱንም አይሰማም። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 14 በማኅበር መካከል በማይታወቅ ቋንቋ ከሚነገረው እልፍ ቃል ይልቅ የሚያስተምር አምስት ቃል እንደሚመርጥ ተናግሯል። እኛ ይህን ምዕራፍ በልሳን ይናገራሉ የምንላቸውን ሰዎች ለመገሠጽ እንጠቅሰዋለን፤ እኛን ራሳችንን እንደሚገሥጽ ግን አንጠቅስም። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌም አማርኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ የየአገሩን ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻ ፈቀደ፤ ሕጉ መንግሥትን ሊያጠና ይችላል፣ ሕዝብን ግን አላስተማረም። ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስ በወላይትኛ ታትሞ ይነበባል፤ የተረጐሙት ግን እኛ አይደለንም።

ኹለተኛው ምክንያት የካህናት ማነስ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ከእስክንድርያ የሚላክልን በአብዛኛው አንድ ጳጳስ ብቻ ነበር፤ ከኢትዮጵያውያን ወገን ጳጳሳት የተሾሙት በ1921 ዓ.ም. ነው። አንድ ጳጳስ ላለው ሰፊ አገር ከወላይታ ልጆች መካከል ፈልጎ ዲያቆንና ቄስ ማድረግ አስቸጋሪ ነበር። ይህ ምክንያት ግን ለዚያ ዘመን እንጂ ለዛሬ አይኾንም፤ ዛሬ ሲኖዶስም ብዙ ሊቃነ ጳጳሳትም አሉን።

ሦስተኛው ምክንያት ከኹሉ ይከብዳል፤ መኳንንትና ባለ ርስት የነበሩ ሰዎች ልጆችም ሊሰሙት ይገባል። የፊልሞና መልእክት ስለ ምን ተጻፈ? ከጌታው ቤት ኰብልሎ የሄደው ባሪያ አናሲሞስ አምኖ ሲመለስ፣ ጌታው እንደ ባሪያ ሳይኾን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ነው። ሐዋርያው ይህን በምስጢር ለፊልሞና ብቻ ሊጽፍለት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ደብዳቤውን በቤቱ ላለችው ቤተ ክርስቲያንም አደረገው። ጉባኤው እየሰማ፣ ባሪያው በፊቱ ቆሞ፣ ጌታው ምን እንደሚያደርግ እንዲታይ ነው። እንግዲህ የቤት ቤተ ክርስቲያን ምልክትዋ ጣሪያዋ አይደለም፤ ጌታና ባሪያ በአንድ ማዕድ ወንድማማች የኾኑባት መኾንዋ ነው።

በደቡብ ግን ነገሩ ተገልብጦ ነበር። ገባሩ ለነፍጠኛው ያርሳል፣ ይፈጫል፣ አጥር ያጥራል፤ የካህኑም መተዳደሪያ ከዚያው ከገባሩ ጕልበት ነበር። ስለዚህ ገባሩ ደብሩን ሲመለከት የጌታውን ቤት አየ፤ ካህኑንም ሲያይ የጌታውን ባልንጀራ አየ። በጐረቤቱ ጎጆ ግን ወንድሜ የሚለው ሰው አገኘ። ያ ሥርዐት ከጠላት ወረራ በኋላ ቀስ በቀስ ተዳክሞ በ1967 ዓ.ም. በመሬት ዐዋጅ ጨርሶ ጠፋ። በልብ ያለው ትዝታ ግን በዐዋጅ አይጠፋም፤ በፍቅር ካልተሻረ በቀር ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

በደርግ ዘመንም ይህ ነገር ሌላ ፈተና አየ። በገጠሩ ብዙ የወንጌላውያን የጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ ሰዎቹም ወደየቤታቸው ተመልሰው በስውር መሰብሰብ ጀመሩ፤ ዘመኑ ሲያልፍ በዝተው ወጡ። በቤት መሰብሰብን በኀይል ማጥፋት እንደማይቻል ከኢጣልያና ከደርግ የተማርነው ይበቃናል።

ተግሣጽ

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሌላውን ጎጆ መርገም ጥቅም የለውም። በራሳችን እጅ ያለውን እንመልከት።

በገጠሩ ምእመን ዘንድ የጽዋ ማኅበር አለ። በየወሩ በመድኃኔ ዓለም፣ በእመቤታችን ወይም በአንድ ቅዱስ ስም፣ ተራ በደረሰው ሰው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፣ ዳቦው ይባረካል፣ ጽዋው ይዞራል፣ ለድኃም ይዘከራል። ይህ ከኾነ በቤትህ ያለች ቤተ ክርስቲያን ማለት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከአባቶች የተቀበልነው ነው። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ጠላው ቀርቶ አያውቅም፤ ቃሉ ግን ቀርቷል። ካህኑ ይባርካል፣ ይበላል፣ ይሄዳል፤ ባለ ቤቱ የዕለቱ ወንጌል ምን እንደ ኾነ ሳይሰማ ያድራል። ሌላው ሰባኪ በዚያው መንደር በሚገባው ቋንቋ አንድ ምዕራፍ ሲያነብለት ወደዚያ ቢሄድ፣ እርሱን ከሃዲ ከማለት በፊት ተርቦ እንደ ነበር ማወቅ ይገባል።

ስለዚህ አንደኛ፣ በየማኅበሩ ከጽዋው በፊት የዕለቱ ወንጌል ይነበብ፤ ትርጓሜውም በአጭሩ ይነገር፤ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይኹን። ኹለተኛ፣ የንስሐ አባት የነፍስ ልጆቹን ቤት ጠበል ለመርጨት ብቻ አይግባ፤ ልጆቹን ጸሎተ ሃይማኖት ምን ማለት እንደ ኾነ ጠይቆ፣ አስተምሮ ይውጣ። ሦስተኛ፣ ከየአገሩ ተወላጅ የኾነ ሰው ተመርጦ ይማር፤ ዲያቆንና ቄስ ይኹን፤ በእናቱ ቋንቋም ይቀድስ። ይህ የሦስተኛው ነገር ሲዘገይ ምን እንደሚያመጣ በቅርብ አይተናል፤ በጥር 2015 ዓ.ም. ከሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ ኤጲስ ቆጶሳት ሲሾሙ የቋንቋ ነገር ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ነበር፤ በየካቲትም ስምምነት ቢደረግ ቍስሉ ለመዳን ጊዜ ይፈልጋል። ያለ ሥርዐት መሾም ስሕተት ነው፤ የሕዝቡ ጥያቄ ግን ስሕተት አልነበረም።

ምናልባት አንድ ሰው፣ ይህ መናፍቃንን መምሰል ነው ይል ይኾናል። አይደለም። ፍሬምናጦስን መምሰል ነው። እርሱ ቤቱን ወደ መንበረ ጵጵስና አደረሰ፤ አትናቴዎስም መንበሩን ወደ ቤቱ አወረደ። ኹለቱ ሲገናኙ ብርሃን ተገለጠ፤ ስሙም ከሣቴ ብርሃን ተባለ። እኛ ዛሬ የጎደለን የኹለቱ መገናኘት ነው። በቤት ያሉት መቅደሱን አያውቁትም፤ በመቅደስ ያሉት ቤቱን አይጐበኙትም።

በቤት ለሚሰበሰቡትም ወንድሞች ይህን እንላለን። ያገኛችሁትን ቃል አናቃልለውም፤ ለእርሱም ስትሉ የተገረፋችሁትን አንረሳም። ነገር ግን በፊልሞና ቤት የአርክጳ አገልግሎት ነበረ፣ በጢሮአዳ ሰገነት የሐዋርያው ቍርባን ነበረ፣ በዱራ ቤት ገንዳው ነበረ። በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ የምታነቡት ቤት ሙሉ ቤት ነው፤ ግማሹን ብቻ አትውሰዱ።

ለካህናትና ለአለቆችም እንላለን። አናሲሞስ በደጅ ቆሟል። ደብዳቤውም ጉባኤው እየሰማ ተነቧል። ፊልሞና ምን እንዳደረገ መልእክቱ አይነግረንም፤ መልሱ ለሚያነበው ኹሉ ቀርቷልና።

እግዚአብሔር አምላክ ቤታችንን ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያናችንንም ለተራበ ኹሉ ቤት ያድርግልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።